ያለ መሸኛ

የአንድን ሰው አድራሻ በአንድ መስመር ኮድ መቀየር ይቻላል። ሰውየውን የሚወክለውን ኦብጀክት ትጠራለህ፣ ነጥብ ታደርጋለህ፣ «አድራሻ» ትላለህ፣ የእኩል ምልክት ታስከትልና አዲሱን ስፍራ ትጽፋለህ። በቃ። ካዛንቺስ የነበረው ሰው አሁን ሲኤምሲ ነው። ማን ፈቀደ፣ መቼ ሆነ፣ ከየት ተነሣ የሚል ጠያቂ የለም። ፕሮግራሙም ቅር አይለውም፤ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል።

ይኸንኑ ጉዳይ በወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ለማስፈጸም የሄደ የአዲስ አበባ ሰው ግን መሸኛ ይጠየቃል። መሸኛ የለቀቀው ወረዳ «ነዋሪያችን ነበሩ፣ አሁን ወደ እናንተ ስለመጡ የሚገባቸውን አገልግሎት ስጧቸው» ብሎ ፎቶ ለጥፎ፣ ክብ ማኅተም አሳርፎ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ያንን ወረቀት ያልያዘ ሰው ቤት ተከራይቶ፣ ዕቃውን ዘርግቶ፣ ከጎረቤት ቡና ጠጥቶ ሲያበቃም በመዝገብ ዓይን ገና አልመጣም።

ወረፋ ይዤ ሳለ ከፊቴ የነበሩ እናት ከመስኮቱ ወዲያ ካለችው ልጅ ጋር ይከራከሩ ነበር።

«እማማ፣ መሸኛ ይዘዋል?»

«የምን መሸኛ ነው የኔ እናት! ይኸው እኔ ራሴ ቆሜልሻለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ አዲሱን ብትጽፊልኝ ምን ይልሻል?»

«ብጽፍልዎትማ እዚያኛው ወረዳም እንዳሉ ይቀራሉ። ሁለት ቦታ ነዋሪ ይሆናሉ።»

«ታዲያ ሁለት ቦታ ብሆን ማን ጠላ!»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች፤ ግን አልጻፈችም። ከጀርባዋ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ አለ፤ በእያንዳንዱ የቤት ቁጥር አንድ ማኅደር፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ አንዳንዱ በሲባጎ የታሰረ። ከእኛ መካከል ያንን መደርደሪያ የነካ የለም። የምንጠይቀው ልጅቷን ነው፤ እሷ ተነሥታ ታወጣለች፣ ታያለች፣ የሚነገረውን ትነግረናለች፣ ማኅደሩን ወደ ቦታው ትመልሳለች።

በኦብጀክት የሚያስቡ ፕሮግራመሮች ይኸን አሠራር ኢንካፕሱሌሽን ይሉታል። ዳታው ፕራይቬት ይደረጋል፤ ከክላሱ፣ ማለትም ኦብጀክቱ ከተሠራበት ንድፍ፣ ውጭ ያለ ኮድ በቀጥታ አያየውም፣ አይነካውም። ከውጭ ለሚመጣው ሁለት ዓይነት ሜተድ፣ ማለትም በስሙ ተጠርቶ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ ይከፈትለታል፤ ጠይቆ የሚያገኝበት ጌተር፣ ለውጥ የሚያመለክትበት ሴተር። ሰው ይኸን ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት ምሥጢር መጠበቅ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሲብራራ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን የእናትየዋ አድራሻ ምሥጢር አልነበረም። ወረፋው በሙሉ ሰምቶታል። ልጅቷ የጠበቀችው ሌላ ነገር ነው፤ መዝገቡ የሚናገረው እውነት ሆኖ እንዲቆይ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የአንድ ወረዳ ነዋሪ ብቻ ነው የሚለው ሕግ የትም ተጽፎ ቢቀመጥ ራሱን አያስከብርም። የሚያስከብረው ወደ መደርደሪያው የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ መሆኑ፣ በዚያም መንገድ ላይ ጠያቂ መቀመጡ ነው።

ነገሩ ከወረፋ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ክላስና ኦብጀክት የሚባሉትን ለዓለም ያስተዋወቀው ሲሙላ የተባለው ቋንቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኦስሎ ከተማ በሚገኘው የኖርዌይ የስሌት ማዕከል ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ ሠሩት። ዓላማቸው በሥራ ቦታ የሚፈጠረውን መጨናነቅ በኮምፒውተር አስመስሎ ማጥናት ነበር፤ የሚመጣ ደንበኛ፣ የሚያስተናግድ ጣቢያ፣ በመሃል የሚረዝም ሰልፍ። ስለዚህ በኦብጀክት ማሰብ የተጀመረው ተራውን ከሚጠብቅ ባለጉዳይና ከሚያስተናግደው ሰው ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የሚገርመው ግን ሲሙላ መጀመሪያ ላይ መስኮት አልነበረውም፤ የኦብጀክቱ ሆድ ዕቃ ሁሉ ከውጭ ይነካ ነበር። መደበቂያው ቆይቶ ነው የተጨመረው። ስሞልቶክ በአንጻሩ የኦብጀክትን ውስጥ ለውጭ ሰው ፈጽሞ አላሳይም ብሎ ተነሣ። ፓይተን ደግሞ አይዘጋም፤ ከስሙ ፊት አንድ የግርጌ ሰረዝ ያስቀምጥና የቀረውን ለጨዋነትህ ይተወዋል። አደራ ማለቱ ነው። አደራ በሚከበርበት ቡድን ውስጥ በቂ ሆኖ አይቼዋለሁ፤ ቡድኑ ሲሰፋና ሥራው ሲጣደፍ ግን መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው።

ስለ መደበቅ ከሁሉ የጠራውን ነገር የጻፈው ዴቪድ ፓርናስ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ፕሮግራምን ወደ ክፍሎች ስንከፍል በምን መለኪያ እንክፈል ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በሥራ ቅደም ተከተል አትክፈሉ ነው፤ ወደፊት ሊቀየሩ የሚችሉትን ውሳኔዎች ዘርዝሩና እያንዳንዱን በአንድ ክፍል ውስጥ ደብቁት፣ ሌላው ክፍል እንዳያውቀው አድርጉ። ውሳኔው ሲቀየር አንድ ቦታ ብቻ ይስተካከላል።

ይኸን ምክር አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው የሚቀየረውን ለመገመት አይቸገርም። ካዛንቺስ ውስጥ ከአንድ ቤት ሳይነቃነቁ ያረጁ ሰዎች ነበሩ፤ አድራሻቸው ግን እየተቀየረ ነው የኖረው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌን አመጣ። ከዚያ ከፍተኛ የሚባል እርከን ከቀበሌ በላይ ተቀመጠና አድራሻው «ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል፣ የቤት ቁጥር ይህን ያህል» ሆነ። በ1995 ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ከፍተኛው ቀረና «ቂርቆስ ክፍለ ከተማ» ተባለ፤ ቀበሌው ግን ከነስሙ ቆየ። በኋላ ቀበሌዎቹ ተጠቃለው ወረዳ ሆኑ፣ ቁጥራቸውም ተቀየረ። በ2013 ደግሞ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲመጣ ያው ጣጣ በከተማው ምሥራቅ ላሉት ደረሰ። ሰዎቹ የትም አልሄዱም። እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ግቢ፣ የቧንቧ ውኃውን በዚያው ተራ ይቀዱ ነበር። እስከ ዛሬም በንግግር «ቀበሌ ሄጄ» እንላለን፤ ቀበሌው ከወረቀት ላይ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል።

አድራሻን በአንድ ረጅም ጽሑፍ ይዞ በየቦታው የበተነ ፕሮግራም በእያንዳንዱ ለውጥ ይሰበራል። ደንበኛውን ለመመዝገብ የጻፍነው ኮድ «ከፍተኛ»ን ያውቃል፤ ሪፖርት የሚያወጣው ኮድም ያውቃል፤ ደረሰኝ የሚያትመውም ለብቻው ያውቃል። ሁሉም ሆድ ዕቃውን ስላዩ ሁሉም ይታረማሉ፤ አንዱ ተረስቶ ይቀራል፤ ያ አንዱ ከዓመት በኋላ ለአንድ አዛውንት የማይደርስ ደብዳቤ ይጽፋል። ቤቱን አንድ ነገር፣ የአስተዳደር ስሙን ሌላ ነገር አድርጎ የያዘ ክላስ ግን ውስጡን ያስተካክልና «ይህ ቤት ዛሬ የት ይባላል?» ለሚለው ጥያቄ አዲሱን መልስ ይሰጣል። ጠያቂው ኮድ ከተማዋ እንደገና መከፋፈሏን እንኳ አልሰማም። ጌተር ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። መልሱን ከመደርደሪያ አንሥቶ የሚያቀብል ሆኖ ሳለ ነገ አስልቶ የሚመልስ ቢሆን፣ ከውጭ ያለው ሰው ልዩነቱ አይታወቀውም።

ከአድራሻም በላይ የሚደንቀኝ የቀን አቆጣጠር ነው። ካዛንቺስ ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ በአንድ በኩል በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ፣ በሌላ በኩል የሰፈር ሱቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ወረዳ ነበሩ። ሰው የኢሲኤን የብረት በር አልፎ ሲገባ ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ይጨምራል፣ ሰዓቱም በስድስት ይዛነፋል። ከሰዓት በኋላ ሲወጣ ወደ ራሱ ዘመን ይመለሳል። ይኸንን በየቀኑ የሚያደርጉ ሺህ ሠራተኞች አሉ፤ አንዳቸውም ሁለት ጊዜ አልተወለዱም።

በዚህ ሰፈር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው «05/02/2016» የሚል ጽሑፍ ከዳታቤዝ ሲወጣለት ቆም ይላል። ጥቅምት 5 ነው ወይስ ፌብሩዋሪ 5? በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል አለ። ጽሑፉ ራሱ አይናገርም። መዝጋቢው ያውቅ ነበር፤ እውቀቱ ግን በጭንቅላቱ ቀርቷል፣ በዳታቤዙ መስክ ላይ የሰፈረው ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ነው። መስኩ ክፍት ስለነበር ደግሞ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ሲጽፍበት ከርሟል።

ኮምፒውተሩ በውስጡ ቀንን የሚይዘው በሁለቱም አይደለም። ከአንድ መነሻ ቅጽበት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ወይም ሚሊሰከንዶች ይቆጥራል። መነሻው በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ሲሆን በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ነው፤ በአዲስ አበባ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ይኸን ቁጥር ማንም ሰው ማየት አያስፈልገውም። ወረዳው «በኢትዮጵያ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ኢሲኤ «በጎርጎርዮስ ስንት ነው?» ይላል፤ ሁለቱም ከአንድ ቁጥር የተሰላ ትክክለኛ መልስ ይሰጣቸዋል። አንዱ ዋና፣ ሌላው ትርጉም አይሆንም። ስለዚህ ነገር ሳስብ አንዳንድ ጊዜ የረጅም ዘመን ክርክራችን፣ የኛ ነው ትክክል የነሱ ነው ትክክል የምንለው፣ መልሱ በዚህች ድብቅ ቁጥር ውስጥ የተቀመጠ ይመስለኛል። (ጃቫ ራሱ የታይላንድን፣ የጃፓንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ ሲመጣ የእኛን አልያዘም። ጆዳ ታይምና አይሲዩ የተባሉት ተጨማሪ ላይብረሪዎች ግን አላቸው፤ ሥራ የፈታ ሰው ገብቶ ቢያይ ዓመተ ዓለምን ጭምር ያገኛል።)

ሴተሩ ጋ ሲደረስ ሌላ ዓይነት እውቀት ይፈለጋል። ሴተር አመልካቹ ያመጣውን ሳይመረምር አይቀበልም፤ ወሩ ከ1 እስከ 12 ካልሆነ ይመልሳል። ይኸ ምርመራ በአብዛኛው ዓለም ጥንቃቄ ነው። እዚህ ግን ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደችን ልጅ «እንዲህ ያለ ወር የለም» ብሎ ይመልሳታል። እንዲህ ያሉ ቅጾችን አይቻለሁ፤ ወላጅ ተጨንቆ ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ያስሞላል፣ ልጅቷም ከነተሳሳተ ልደቷ ታድጋለች። በአግባቡ የተጻፈው ሴተር 13ኛውን ወር ያውቃል፤ ቀኑ ከ5 እንደማይበልጥ ያውቃል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ቀሪ ሲተው፣ ማለትም ዘመኑ ሉቃስ ሲሆን፣ 6ኛውን ቀን ይፈቅዳል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ይቀበላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ይመልሳል። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንቱ ሲያሰሉት የኖሩት ነገር በሦስት መስመር ኮድ ተጠቃልሎ ማንም የማያየው ቦታ ይቀመጣል። ውጭ ያለው ሰው የሚያውቀው የትውልድ ቀን መዝገቡ የማይዋሽ መሆኑን ብቻ ነው።

ይኸን ሁሉ ካልኩ በኋላ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ፍቺ መቀበል ይቸግረኛል። ተማሪ ፈተና ላይ «ኢንካፕሱሌሽን ምንድን ነው?» ሲባል «መስኮችን ፕራይቬት አድርጎ ጌተርና ሴተር መጻፍ» ይላል፤ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ሥራ ይገባና አሥር መስክ ያለው ክላስ ይከፍታል፣ ኤዲተሩን ሁለቴ ይነካል፣ ሃያ ሜተድ በአንድ ጊዜ ይፈለፈላል። እያንዳንዱ ጌተር ያለውን ያቀብላል፣ እያንዳንዱ ሴተር የመጣለትን ይቀበላል፤ የሚጠይቅ የለም። ይኸ አጥር አጥሮ በየክንዱ በር እንደ መክፈት ነው። ከመነሻው መስኩን ክፍት ቢተውት ቢያንስ የሚያነበው ሰው አይታለልም ነበር።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ጥቂት ይቅር ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጃቫ ብቅ ሲል ሰን ማይክሮሲስተምስ ጃቫቢንስ የሚባል ስምምነት አወጣ። በመዳፊት እየጎተቱ ገጽ የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች አንድ ኦብጀክት ምን ምን ባሕርይ እንዳለው በራሳቸው እንዲያገኙ፣ ሜተዶቹ ጌት እና ሴት በሚሉ ቃላት ይጀምሩ ተባለ። ለመሣሪያ ተብሎ የተሠራ ስያሜ ነበር። እሱ ግን ሥር ሰደደ፣ ትምህርት ሆነ፣ ወደ ፈተና ገባ። አለን ሆለብ የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2003 ጌተርና ሴተር ክፉ ናቸው ብሎ በመጻፉ ብዙዎችን አስቆጥቷል። ክፉ ማለት ይበዛባቸዋል፤ ሳያስቡ መጻፉ ግን ክፉ ልማድ ነው።

ልጅቷ መስኮት ላይ ያደረገችው ሴተር ነበር? አይመስለኝም። ሴተር ቢሆን ኖሮ አዲሱን አድራሻ ተቀብላ በድሮው ላይ ትጽፈው ነበር፤ ቢበዛ «ይህ ወረዳ አለ ወይ?» ብላ ታጣራለች። መሸኛ ግን አሮጌን በአዲስ የሚተካ ሥራ አይደለም። በእውነተኛው ኑሮ ውስጥ የሆነን ድርጊት ይከተላል፤ ሰው ለቀቀ፣ ተሸኘ፣ ሄደ፣ ተቀባይ አገኘ። ሁለት መዝገቦች ይነካሉ፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም፣ የደብዳቤው ቅጂ በሁለቱም ማኅደር ይቀራል። የድሮው አድራሻ አልጠፋም፤ የነበረበት ዘመን ተጽፎለት ታሪክ ሆነ። ሴተር የቀደመውን ይደመስሳል፣ ለማንም አይናገርም። በዚህ ከተማ ደግሞ ሰው ከመቼ ጀምሮ የት እንደኖረ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቤት የሚሰጠውና የሚከለከለው፣ ካሳ የሚያገኘውና የማያገኘው በዚያ ነው። ስለዚህ የነዋሪ ክላስ ስጽፍ «አድራሻ ቀይር» የሚል ሜተድ ከምከፍት «ተሸኝ» እና «ተመዝገብ» የሚሉ ሁለት ሜተዶች ብከፍት ይሻለኛል። ስማቸው ከመስክ ሳይሆን ሰዎች ከሚያደርጉት የመጣ ነው፤ የወረዳዋም ልጅ ብታነባቸው ትረዳቸዋለች።

ጌተርም የራሱ ጣጣ አለው፤ ይኸን ለማየት ጊዜ ወስዶብኛል። የቤተሰብ አባላትን ዝርዝር የሚመልስ ጌተር አለ እንበል። ብዙ ቋንቋዎች እንዲህ ሲጠየቁ የዝርዝሩን ቅጂ አይሰጡም፤ ዝርዝሩን ራሱን ነው የሚያቀብሉት። ተቀባዩ እዚያው ላይ ስም ቢጨምር ወይም ቢሰርዝ ኦብጀክቱ ሳያውቅ ውስጡ ተቀየረ። ማኅደሩን ከነወረቀቱ በመስኮት አሳልፎ እንደ መስጠት ነው፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ መስኩ ፕራይቬት ነው፣ ሕጉ ሁሉ ተጠብቋል፤ ውጭ የቆመው ሰው ግን አንድ ገጽ ጨምሮበት መልሷል። መፍትሔው ቅጂ መስጠት ነው ይባላል። ቅጂ መዝገቡን ያድነዋል። የተቀዳው ሰው ግን ሌላ ጉዳይ አለበት።

እኛ የቅጂ አገር ነን። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሳይጠየቅበት የሚያልቅ ጉዳይ ጥቂት ነው፤ ለሲም ካርድ፣ ለኪራይ ውል፣ ለባንክ፣ ለዋስትና፣ ለልጅ ትምህርት ቤት። አንዳንድ የካዛንቺስ ፎቆች በር ላይ ጥበቃው መታወቂያህን ይቀበልና በጎብኚ ካርድ ይለውጥሃል። ስምህ፣ የተወለድክበት ዘመን፣ የቤትህ ቁጥር፣ አደጋ ቢደርስብህ የሚጠራው ሰው ስልክ፣ ሁሉም እንጨት ሣጥን ውስጥ ከሌሎች መታወቂያዎች ጋር ይቀመጣል። ጥበቃው የፈለገው የገባው ሰው ሲወጣ ወደ እሱ እንዲመለስ ብቻ ነው። የጠየቀው አንድ ነገር፣ የተሰጠው ሁሉ። በየመሳቢያው የቀረውን ቅጂ ደግሞ መዝገቡ አያውቀውም፤ አድራሻህ ሲቀየር የሚነግረው የለም፤ ቅጂው በድሮው አድራሻህ እየማለ ይኖራል።

ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር አለው። የተሠራው ባንጋሎር ከሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም በተነሣው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ሞሲፕ ደግሞ በአብዛኛው በጃቫ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ከላይ የተማረርኩባቸው ጌተርና ሴተሮች እዚያም በሽ ናቸው። ከሥርዓቱ አፋፍ ላይ ያለው አገልግሎት ግን ሌላ ነው። ፈቃድ ያለው ተቋም የሰውየውን መለያና ለምሳሌ የጣት አሻራውን ይልካል፤ ሥርዓቱ «አዎ፣ እሱ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ሌላ ምንም ሳይጨምር። አሻራው አይወጣም፣ የትውልድ ቀኑ አይወጣም። ባለ 12 አኃዙ ዋናው ቁጥር እንዳይንከራተት ደግሞ ባለ 16 አኃዝ ተለዋጭ ቁጥር ተዘጋጅቶለታል። ለዝርዝሩም በር አለ፤ ባንክ አካውንት ሲከፍት ስምና አድራሻ ይፈልጋል፣ በባለቤቱ ፈቃድም ይወስዳል። ነገር ግን ሁለቱ በሮች ተለይተዋል፤ ማንነትን ማረጋገጥ አንድ ጉዳይ፣ ማንነትን መውሰድ ሌላ ጉዳይ ሆኗል።

«ዕድሜህ ስንት ነው?» ከማለት «18 ሞልቶሃል?» ማለት ይሻላል፤ መልሱ አጭር ነው፣ ተሰርቆ የሚረባ ነገር የለውም፣ ነገም በራሱ ይታደሳል። ኦብጀክትን ያለውን ሁሉ ጠይቆ ውጭ ላይ ከመወሰን፣ ውሳኔውን ዳታው ወዳለበት መላክ ማለት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ሲወጣ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለተወሰነ ዓላማ፣ ለዓላማውም በሚበቃው መጠን ብቻ እንዲሰበስብ አዟል። አዋጁን ሳነብ ሕግ አርቃቂዎቹና ፓርናስ ሳይተዋወቁ አንድ መንገድ ላይ የተገናኙ መሰለኝ። ልዩነቱ ኮድ የተከለከለውን መስክ ሲነካ ኮምፓይለሩ ወዲያው አላልፍም ይለዋል፤ ፎቶ ኮፒ ማሽን ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም።

ጭራሽ ያልተያዘ መስክም አለ። ቀድሞ በብዙ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር፤ የመንገድ ላይ ፍተሻ ለገጠመው ሰው ያ መስመር ምን ማለት እንደነበር ማብራራት አያሻም። ፋይዳ ብሔርንም ሃይማኖትንም አይመዘግብም። ፕራይቬት ብለው ከዘጉት፣ በሕግም ካጠሩት መስክ ይልቅ ክላሱ ውስጥ ያልተፈጠረው አስተማማኝ ነው፤ ጌተር ሊጻፍለት የማይችል እሱ ብቻ ነው።

በ2017 መጀመሪያ ሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ደረሰ። ሰፈሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተነሣ፤ ነዋሪው ገላን ጉራንና ሌሎች የከተማዋን ዳርቻዎች ተከፋፈለ፤ ቤት ቁጥር ተለጥፎባቸው የነበሩ የቆርቆሮ በሮች በመኪና ተጭነው ሄዱ። ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለሌላ ጽሑፍ እተወዋለሁ፤ እሱን በዚህ ርዕስ ሥር ማሳለፍ ለሁለቱም ወገን ማቃለል ነው። እኔን እዚህ የሚይዘኝ መዝገቡ ነው። ለልምምድ ብዬ በጻፍኩት ፕሮግራም ውስጥ «ነዋሪ» እና «ቤት» የሚባሉ ሁለት ክላሶች አሉ፤ «ተሸኝ» የሚለው ሜተድ የሚለቀቀውን ቤት ይጠይቃል። ቤቱ ከሌለስ?

የመጀመሪያው ሐሳብ የፈረሰውን ቤት ከዝርዝር መሰረዝ ነው፤ የሌለ ነገር አይመዘገብም። ሲሰረዝ ግን በላዩ ተመዝግበው የነበሩት ሰዎች ሁሉ የመነሻ ቦታቸው ባዶ ይሆናል፤ ወዴት እንደሄዱ እንጂ ከየት እንደመጡ መናገር አይችሉም። «እስከ ዛሬ ነዋሪያችን ነበሩ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሚፈርምበት ወገን ጠፋ። ስለዚህ ቤት ላይ የሚሰርዝ ሜተድ አልከፈትኩም። «ፈረሰ» የሚል አለ፤ ቀኑንና ምክንያቱን ይቀበላል። አንዴ ከተጠራ በኋላ ቤቱ አዲስ ነዋሪ አልመዘግብም ይላል፣ የነበሩትን ግን ለመሸኘት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ከዓመታት በኋላም እዚያ የተወለደ ሰው የትውልድ ስፍራውን ማስረጃ ቢጠይቅ ቂርቆስ፣ ካዛንቺስ ብሎ ከነዘመኑ ይመልስለታል፤ ዘመኑ የከፍተኛ ከነበረ በከፍተኛ፣ የወረዳ ከነበረ በወረዳ። የቤት ቁጥሩን በቦታው ላይ ለሚሠራው ፎቅ ዳግም ለመስጠት የሚሞክር ኮድ ከመጣ ግን አይቀበለውም፤ ፎቁ የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል።